የሚያድጉ ድንጋዮች አገር

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅና፤ ሥራ ያለበትም ሥራውን ይዞ ይስማ፤ ይህ ወሬ እጅ አያስፈታም።

ድንጋይ የሚያድግበት አንድ አገር ነበር። ስሙን አትጠይቁ፤ ስም ከተጠራ ባለስም ይመጣል። አገሩ አንድ ትልቅ ተራራ ነው። አናቱ ላይ ቤተ መንግሥቱ፣ ከወገቡ እስከ እግሩ ሕዝቡ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ወንዙ። ወንዙ ክረምት ሲገባ እንደ በርበሬ ይቀላል። “ለምን ቀላ?” ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ይልቁንም በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ነጭ ለብሰው እየወረዱ እልል ይሉለት ነበር። ወንዙ የንጉሡን ቀይ ካባ ደርቦ ወደ ሌላ አገር በመልእክተኛነት የሚሄድ ነው ይባላልና። የታችኛው አገር ሰዎች መልእክቱን በደስታ ተቀብለው ጎመን ይተክሉበት ነበር አሉ።

የዚያ አገር ሕግ ሦስት ነው። ሦስቱም ከአክብሮት የመጡ ናቸው። ክፉ ሕግ ሁልጊዜ ጥርሱን አግጥጦ አይመጣም፤ አንዳንዴ እጅ እየነሳ ነው የሚገባው።

አንደኛው ሕግ፣ ማንም ሰው ከደጁ ቆሞ ሽቅብ ሲመለከት ቤተ መንግሥቱ ይታየው ይላል። በሰው ዓይንና በቤተ መንግሥቱ መካከል የቆመ ዛፍ አመፀኛ ነው። ስለዚህ ወይራው ተቆረጠ፣ ጥዱ ተቆረጠ፣ ዋንዛው ተቆረጠ። ቁጥቋጦው እንኳ “አድፍጠህ ታድጋለህ” ተብሎ ከነሥሩ ተነቀለ።

ሁለተኛው፣ ፈር ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥቱ ያቅና ይላል። ገበሬ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ይረስ እንጂ አግድም ማረስ ለንጉሥ ጎንን መስጠት ነው። በሬዎቹ ቀንበር ተሸክመው ሽቅብ ሲወጡ አፋቸው መሬት ይነካል፤ እነሱም እየሰገዱ ነው ተባለ።

ሦስተኛውና ዋናው የድንጋይ ልደት ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በእርሻው ዳር ቅድመ አያቱ የተከለው አንድ ድንጋይ አለው፤ “ምስክር” ይባላል። ዝናቡ ሊያባራ ሲል የቤተ መንግሥቱ ለኪ ዘንጉን ይዞ ይዞራል። ድንጋዩ ካምናው ስንት ጣት አደገ? ስንት ጋት ጨመረ? ስንዝር ያደገለት ካባ ይሸለማል። ሦስት ዓመት ያላደገለት እርሻው ተነጥቆ ድንጋይ ማሳደግ ለሚያውቅ ሰው ይሰጣል።

ድንጋዩም እውነት ያድግ ነበር! በቅድመ አያቶች ዘመን ከቁርጭምጭሚት ያላለፈው በልጅ ልጆች ዘመን ጉልበት ደረሰ፣ ወገብ ደረሰ። አምና ያልነበሩ ትንንሽ ድንጋዮችም በየማሳው ፈልተው ይገኛሉ። “መሬታችን ወለደች!” እያሉ ይለቅሟቸውና ተሸክመው ወደ ላይ ያወጧቸዋል፤ ለቤተ መንግሥቱ ደረጃ ይሆናሉ። ቤተ መንግሥቱም እኮ ያድጋል! በየዓመቱ ከመሬት ከፍ፣ ከፍ ስለሚል በደጁ ላይ አንድ አዲስ ደረጃ ይጨመርለታል። የንጉሡ አባት ዘውድ ሲጭኑ በሦስት ደረጃ ነበር የሚወጣው። አሁን አርባ አንድ ደርሷል። ሰማይ ሊነካ ነው ተብሎ ተዘፈነለት።

እህሉስ? እህሉማ አነሰ። ግን ለእህል የተሾመ ለኪ አልነበረም።

በዚህ አገር ትርንጎ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ከአርባ ያለፈች፣ ባሏ ከሞተ አራት ዓመት የሆናት፣ እግዜር ልጅ ቢነፍጋት ምላስ ያልነፈጋት ሴት ናት። ባሏ አንድ እርሻና ሁለት በሬዎች ትቶላታል። ከሁለቱ አንዱ፣ ቦራ የሚባለው፣ ጉልበቱን ያመዋል። ቦራ በደልዳላ ቦታ እንደ ሙሽራ ይራመዳል። ሽቅብ ሲሉት ግን ይተኛል። ጅራፍ ቢያጮሁበት ይተኛል፤ ቢለምኑት ይተኛል፤ “ስለ ንጉሥ!” ቢሉት ጭራሽ ዓይኑን ይጨፍናል።

ስለዚህ ትርንጎ እርፉን በገዛ እጇ ጨብጣ እርሻዋን አግድም አረሰች። አስባበት አይደለም፤ በሬዋ ሕግ አያውቅም። የለቀመችውንም ድንጋይ ተራራ ላይ የሚያወጣላት ሰው ስላልነበራት በማሳው ወገብ ላይ አግድም ደረደረችው። በካቡ ላይ ሰርዶ በቀለበት። በሁለተኛው ዓመት ከላይ ሌላ ካብ ሠራች፤ ይህን ግን አስባበት ነው። ከመጀመሪያው ካብ ጀርባ ስትራመድ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠ። ጎንበስ ብላ ብታይ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እፍኝ አድርገው ቢበሉት የሚያስመኝ አፈር ተኝቷል። አገሩ ሁሉ የሚያጣው አፈር እሷ ዘንድ እንግዳ ሆኖ አድሯል።

“ትርንጎ እንደ ሸርጣን በጎን ታርሳለች” ብሎ መንደሩ ሳቀባት። ሕግ አስከባሪዎቹ ግን አልነኳትም። ሴት የያዘችው እርፍ እርፍ አይባልም ብለው ዞር ብለውም አላዩትም። ንቀት አንዳንዴ ከአጥር ይሻላል።

የድንጋዩ ልደት ቀን ደረሰ። ነጋሪቱ ሲጎሰም ተራራው ተናወጠ። ሕዝቡ ከየጎጆው ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ልጃገረድ ዘፈነች፣ ጎረምሳ አቅራራ። የአገሩ ለኪ ሊቀ ልኬት ዘርጋው በበቅሎ ተቀምጦ ብቅ አለ። አጭር ሰው ነው፤ ዘንጉ ግን የሁለት ሰው ቁመት ያህላል፤ ጠፍጣፋ፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ በወርቅ የተለበጠ። ሊቀ ልኬት ወደ መሬት አይመለከትም፤ ከማዕረጉ በታች ነው። የዘንጉን እግር የሚያቆም ሎሌ አለው፤ እሱ ከላይ ያለውን ምልክት ብቻ ያነባል።

መጀመሪያ የተለካው የትርንጎ ጎረቤት የአያ ቢሻው ድንጋይ ነው። አያ ቢሻው ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ቀጭን፣ ከፀሐዩ ጋር እልህ የተጋባ ይመስል ሁለት ካባ ደርቦ የቆመ ሽማግሌ ነው። ማሳው የጠጠር መሬት ነው፤ መሐሉን ቦረቦር ለሁለት ሰንጥቆታል። ድንጋዩ ግን ደረቱ ደርሷል።

“አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት!” ብሎ ጮኸ ሊቀ ልኬት።

እልልታው ቀለጠ። ሦስተኛው ካባ በሁለቱ ላይ ተደረበለት። አያ ቢሻው ሊፎክር አፉን ከፈተና ካባው ከብዶት ተንገዳገደ፤ ሰዎች ደገፉት።

ቀጥሎ ትርንጎ። የእሷ ምስክርና የአያ ቢሻው ምስክር በድንበሩ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተተከሉ ናቸው።

“ድንጋይሽ የታል?” አለ ሊቀ ልኬት ሩቅ ሩቅ እያየ።

“ከፊትዎ ነው ጌታዬ። ዝቅ ብለው ይመልከቱ።”

“ዝቅ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም!”

ሎሌው ዘንጉን አቆመ፤ አየ፤ ዓይኑን አሻሽቶ ደግሞ አየ። ከዚያ ወደ ጌታው ጆሮ ተጠግቶ ሹክ አለ። የሊቀ ልኬት ፊት ዳማ ሆነ።

“ቀንሷል?”

ነጋሪቱ ቆመ።

“አንድ ጣት ቀንሷል፣ ጌታዬ” አለ ሎሌው፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል እየተቅለሰለሰ።

“ኧረ ድንጋይ ይቀንሳል?” ሕዝቡ ተንጫጫ። “መተት ነው!” “ጉድ ነው!” “አስርባው ነው!”

“ምን አድርገሽው ነው?” አለ ሊቀ ልኬት።

“እኔ ምንም አላደረግሁትም። አፈር መጥቶ እግሩን አለበሰው።”

“አፈር ይመጣል እንዴ?”

“የሚሄድ ነገር ማረፊያ ካገኘ ይመጣል እንጂ።”

“አፈር ደግሞ የት ይሄዳል?”

“ሐምሌ ላይ እልል እያላችሁ የምትሸኙት ማንን መስሏችኋል?”

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ሊቀ ልኬት በበቅሎው ላይ ተንጠራራ። “ሦስተኛ ዓመትሽ ነው! አምና አላደገም፣ ካቻምና አላደገም፣ ዘንድሮ ይባስ ብሎ አገሪቱን ወደ ኋላ ጎተተ! የዛሬ ሦስት ቀን አርባ ሁለተኛው ደረጃ ሲመረቅ በንጉሡ ፊት ትቆሚያለሽ። መልስ ካጣሽ እርሻሽ ለቢሻው ይሰጣል!”

ነጋሪቱ እንደገና ተጎሰመ። ትርንጎ መሬቷ ላይ ብቻዋን ቀረች። መሬት ያጣ ሰው በዚያ አገር ድንጋይ ተሸካሚ ነው የሚሆነው፤ የሌላውን ማሳ ልጆች ለቅሞ ለሌላው ቤት ደረጃ የሚያወጣ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አያ ቢሻው ካባዎቹን ደርቦ መጣ። ሊጠይቃት የመጣ ይመስላል፤ ዓይኑ ግን ማሳውን ይዞራል።

“ትርንጎ፣ እንዴት ዋልሽ።”

“እንዴት ዋልክ አያ ቢሻው። መሬትህን ልታይ መጣህ?”

“ኧረ በስመ አብ! እኔ ምን አደረግኩሽ? ትእዛዝ ነው።”

“ነው እንጂ። በላ ና ግባ፤ ካቡን እንዳታፈርሰው፣ በዚህ በኩል እለፍ።”

ተራመደ። ከካቡ ጀርባ ሲደርስ እግሩ ሰመጠ። ደንግጦ ቆመ። ጎንበስ አለ፤ ሦስት ካባ ደርቦ ጎንበስ ማለት ቀላል አይደለም። እፍኝ አፈር አነሣና አሸተተው። አያቱን ያገኘ ይመስል ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ትርንጎ ቆሎ አቀረበችለት። አበላሉን አይታ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘናት።

“አያ ቢሻው፣ ካባው አያጠግብም እንዴ?”

“ያሞቃል እንጂ አያጠግብም፣ እቴ።”

“እና ይህን መሬት ምን ልታደርገው ነው?”

“ሽቅብ አርሰዋለሁ። ሕጉ ነው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ድንጋዩ ያድጋል።”

“ከዚያስ?”

አያ ቢሻው ቆሎውን አላመጠ፤ አሰበ። “ከዚያማ አራተኛ ካባ እለብሳለሁ።”

ሁለቱም ሳቁ። እሱ ሳቁ ሳያልቅ ትካዜ ገባው። “አይ የእኛ ነገር” አለ። “ቅድመ አያቴና የባልሽ ቅድመ አያት እኮ እነዚህን ድንጋዮች በአንድ ቀን ነው የተከሏቸው፤ ወዳጆች ነበሩ። አንዱ ካንዱ እንዳይበልጥ፣ ከአንዱ ራስ ወደ አንዱ ራስ ሞፈር አጋድመው፣ ሞፈሩ ላይ ጠላ የሞላ ዋንጫ አስቀመጡ። ጠላው ጠብ ሳይል ጠጥተው ‘እኩል ነን’ ተባባሉ፤ ተማማሉ። ዋንጫዋ እስከ ዛሬ ከእኔ ዘንድ አለች። አሁን የእኔ በደረት ሙሉ በለጠ። ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?”

ትርንጎ ቆሎ የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ።

“እስቲ ድገመው።”

“ምኑን?”

“ከራስ ወደ ራስ ነው ያልከኝ?”

“ከራስ ወደ ራስ።”

ብድግ አለች! ቆሎው ተበተነ። ወደ ድንጋዮቹ ሮጠች፣ መሐላቸው ቆመች፣ አንዴ የእሷን አንዴ የእሱን አየች። አያ ቢሻው “አበደች!” እያለ ካባውን እየጎተተ ተከተላት።

“አያ ቢሻው፣ በቅድመ አያትህ ይዤሃለሁ፤ ያቺን ዋንጫ ለምርቃቱ ቀን ይዘህልኝ ና። ደግሞ እስከዚያ አፍህን ዝጋ።”

“አፌማ ምን የሚከፍተው አለ?” አለ ቆሎውን ከመሬት እየለቀመ።

የምርቃቱ ቀን ሕዝቡ በቤተ መንግሥቱ ሥር ተሰበሰበ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፏል። አርባ ሁለተኛው ደረጃ ገና አልተነጠፈም፤ ንጉሡ በአርባ አንዱ አናት ላይ ቆመዋል፤ ከታች ሲታዩ ካባ የለበሰ አውራ ጣት ያህላሉ። ሊቀ ልኬት ክሱን አሰማ። ሎሌዎች ቃሉን ከደረጃ ደረጃ እየተቀባበሉ ወደ ላይ አደረሱት፤ የንጉሡም ቃል እንደዚያው ወደ ታች ወረደ።

“ምን ትመልሻለሽ? ይላሉ ንጉሡ።”

ትርንጎ መሬት ስማ ተነሣች። “ሺህ ዓመት ያንግሥዎ! ጥፋተኛ ነኝ። ቅጣቱ ይገባኛል። አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ። የአያ ቢሻው ድንጋይ የእኔን ምን ያህል እንደሚበልጥ ንጉሡ በዓይናቸው ይዩልኝ። ካላዩት ቅጣቴ የሚያንስ ይመስለኛል።”

ሊቀ ልኬት ደስታውን መደበቅ አቃተው። ድካሙ ሊታይለት ነው! “ይዩት ንጉሥ ሆይ! የአገሪቱን እድገት ወርደው ይዩት!”

ቃሉ ወደ ላይ ወጣ። ቆየ። ከዚያ ሕዝቡ ለማመን የቸገረው ነገር ሆነ፤ ንጉሡ ይወርዱ ጀመር። ከነገሡ ጀምሮ ወርደው አያውቁም። አሥረኛው ደረጃ ላይ አረፉ፣ ሃያኛው ላይ ጉልበታቸውን ያዙ፣ ሠላሳኛው ላይ “ይህ ሁሉ የእኛ ነው?” ብለው ጠየቁ። መሬት ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸው ነበር፤ ሕዝቡም እልልታውን አቀለጠው።

ሁሉም ተጋፍቶ ወደ ትርንጎ ማሳ ወረደ። ሁለቱ ድንጋዮች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ የአያ ቢሻው ደረት፣ የእሷ ጉልበት።

“አያችሁ!” አለ ሊቀ ልኬት።

“አየን” አሉ ንጉሡ፣ በጣም ረክተው።

“ልኬቱ ከእግር ነበር” አለች ትርንጎ። “አሁን ደግሞ ከራስ ይለካ።” የቤቷን ሞፈር አምጥታ ከአንዱ ድንጋይ ራስ ወደ ሌላው ልታጋድም ስትል ሊቀ ልኬት ዘሎ ያዛት።

“ይሄ ሞፈር ጠማማ ነው! በጠማማ አንለካም!”

“ልክ ነዎት” አለች፣ ይህን ስትጠብቅ የቆየች ይመስል። “እንግዲያው በእርስዎ ዘንግ ይሁን። እሱ መቼም ጠማማ አይደለም።”

ንጉሡ በጭንቅላታቸው ምልክት ሰጡ። ወርቅ የተለበጠው ዘንግ ከድንጋይ ራስ ወደ ድንጋይ ራስ ተጋደመ። አያ ቢሻው ከሦስት ካባው ሥር የቀንድ ዋንጫዋን አወጣ። አፏ ድረስ ውሃ ሞላባትና በዘንጉ መሐል ላይ አስቀመጣት።

ሕዝቡ ሊያይ አንገቱን አሰገገ።

ዋንጫዋ ቆመች። አልተንሸራተተችም። ውሃው እስከ አፏ ጠርዝ ድረስ ሞልቶ፣ በዚህ በኩል እንደዚያ በኩል፣ ጠብ ሳይል ተቀመጠ።

ንጉሡ ጎንበስ አሉ። ንጉሥ ጎንበስ ሲል ያየ ሰው ስለሌለ ሁሉም አብሮ ጎነበሰ። በዘንጉ ግራ አዩ፤ በዘንጉ ቀኝ አዩ።

“እኩል ናቸው” አሉ።

“እኩል ናቸው፣ ንጉሥ ሆይ። በተተከሉበት ቀንም እኩል ነበሩ” አለች ትርንጎ። “የአያ ቢሻው ድንጋይ ሦስት ስንዝር ካደገ፣ ሦስት ስንዝሩ የታለ? ራሱ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ድንጋይ አያድግም። መሬቱ ነው ከሥሩ የሄደው። ዛፉን ነቀልነው፣ ያዥ አጣ። ፈሩን ሽቅብ ቀደድንለት፣ ለውሃው ቦይ ሆነለት። ውሃው አፈሩን ይዞ ወንዝ ገባ፤ እኛ አጥንቱ ሲያገጥጥ ‘አደገ’ ብለን ካባ ሸለምን።”

ንጉሡ ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ዞረው ወደ ተራራው አናት፣ ወደ አርባ አንዱ ደረጃ ተመለከቱ።

“እንግዲያው ቤታችን…” ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም።

የጨረሰው ሰማዩ ነው። ነጎድጓዱ ሲፈነዳ በቅሎዎቹ ገመዳቸውን በጠሱ። ዝናቡ ጠብታ አልነበረም፤ ከላይ የተገለበጠ እንስራ ነበር። ከአናቱ ጀምሮ ወደ ንጉሡ ያቀናው ፈር ሁሉ አሁን ከንጉሡ ደጅ ውሃ ያወርድ ጀመር። መቶ ፈር መቶ ጅረት ሆነ፤ መቶው ጅረት ተገናኝቶ አገሳ።

“ጎርፍ! ጎርፍ መጣ!”

“ወደ ትርንጎ! ወደ ካቡ ጀርባ!” ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ሁሉም “እኔ ነኝ” ይላል። ባለካባው፣ ባለነጋሪቱ፣ ባለበቅሎው፣ ሸርጣን ብሎ ሲስቅ የነበረው ሁሉ ተገፋፍቶ ከታችኛው ካብ ጀርባ ገባ። ሊቀ ልኬት ከሁሉ ቀድሞ ነው የደረሰው። ትርንጎ የአያ ቢሻውን ካባ በሁለት እጇ ጨምድዳ ጎትታ አስገባችው።

ጎርፉ እየደነፋ መጥቶ በላይኛው ካብ ላይ ወደቀ። ሕዝቡ ጮኸ። ውሃው ግን ተገታ፤ ግራና ቀኝ ተበተነ፤ በሰርዶው መሐል እየተጣራ የተሸከመውን አፈር እዚያው አራገፈ። ሁለተኛው ካብ ጋ ሲደርስ የድፍረቱ ግማሽ አልቋል። ከእግራቸው ሥር ሲያልፍ ጥንቡ የወጣ ሰካራም ወደ ቤቱ እንደሚገባ ቀስ ብሎ፣ ይቅርታ እየጠየቀ አለፈ።

በድንበሩ ማዶ ግን የአያ ቢሻው ማሳ ይፈላ ነበር። ካባ ያሸለመው ድንጋይ ተነቃነቀ፣ አዘመመ፤ ዘንጉን ጥሎ ወደቀና እግሩ ወደ ሰማይ ሆነ። እግሩን ሁሉም አየው። ተረከዝ እንኳ አልነበረውም፤ መሬት ውስጥ የቀረው አንድ ጣት አይሞላም። ዋንጫዋ በጭቃው ላይ ስትንከባለል አያ ቢሻው ዘሎ ያዛት።

“ደረጃው!” አለ አንድ ድምፅ። “ደረጃውን እዩ!”

የቤተ መንግሥቱ ደረጃ ከታች ጀምሮ ይፈርስ ነበር። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ እየተንከባለሉ ወደተለቀሙበት ማሳ ይመለሳሉ። ሕዝቡ ፍርሃቱን ረስቶ ይቆጥር ጀመር፤ “አንድ! ሁለት! ሦስት!” ሃያ ሲደርስ ሳቅ ተቀላቀለበት፣ አርባ ሲደርስ እልልታ። “አርባ አንድ!” ሲባል ቤተ መንግሥቱ አናቱ ላይ፣ ደጁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ መሠረቱ እንደ ሽማግሌ ድድ ተገልጦ ቀረ። የሚገባበትም የሚወጣበትም የለው።

ዝናቡ በመጣበት ፍጥነት አባራ። ንጉሡ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው በትርንጎ ካብ ላይ ተቀመጡ።

“ይህን ማን አስተማረሽ?”

“ቦራ ነው፣ ንጉሥ ሆይ።”

“ቦራ ማነው? ይቅረብ፤ እንሾመዋለን።”

“በሬ ነው።”

ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ንጉሡም እንደ መሳቅ አሉና መልሰው ኮስተር አሉ። “ሊቀ ልኬት፣ አንተስ ይህን አታውቅም ነበር?”

ሊቀ ልኬት ዘርጋው ከጭቃው ውስጥ ብድግ አለ። “ንጉሥ ሆይ፣ እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያውም እጠረጥር ነበር!”

አዋጁ እዚያው፣ ከካቡ ላይ ተነገረ። ከእንግዲህ ፈር ሁሉ ተራራውን አግድም ይቀፍ፤ ድንጋይ በተለቀመበት ይካብ እንጂ ሽቅብ አይውጣ፤ ዛፍ የቆመበት ሁሉ ይቁም፤ ቤተ መንግሥቱን የሚከልል ቢሆን ይከልለው። የትርንጎን መሬት ማንም አይንካ። ሊቀ ልኬትስ? ሹመት መቼም መሬት አይወድቅም፤ ሊቀ ካብ ተባለና በማግሥቱ የትርንጎን ካብ ሊለካ መጣ፤ ዘንጉ በጎርፍ ስለተሰበረ ግማሹን ይዞ።

“ቁመቱን ይተውት ጌታዬ” አለችው። “ጀርባውን ይለኩ። ጎንበስ ይበሉና እጅዎን ይክተቱ።”

ግራና ቀኝ አየ። ሰው ያየው እንደሆነ ብሎ ነው። ከዚያ ጎንበስ አለ፤ እጁን ከተተ፤ እስከ ክርኑ ገባ። ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር ለማየት ትርንጎ አልጠበቀችም፤ ሥራ ነበረባት።

አያ ቢሻውን ያየችው ያኔ ነው። ከወንዙ ዳር እየወጣ ነበር፣ ጎብጦ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ። ሦስቱን ካባ አውልቆ አንዱን በአንዱ ላይ ዘርግቶ፣ ጎርፉ ወንዙ መታጠፊያ ላይ ጥሎት የሄደውን ደለል ሞልቶባቸው፣ አራት ጫፋቸውን ቋጥሮ በጀርባው ተሸክሟል።

“አያ ቢሻው! ካባህን! የንጉሥ ሽልማት እኮ ነው!”

“ምን ይሁን?” አለ ቆም ብሎ ትንፋሹን እየሰበሰበ። “ሲያሞቀኝ ኖረ። አሁን ደግሞ ያጥግበኝ።”

“መሬቴስ? እወስደዋለሁ ብለህ ነበር።”

“ያንቺን አልፈልግም። የራሴን ነው የማመጣው።” ሸክሙን አራገፈና አዲስ የጀመረውን፣ ሦስት ክንድ ያልሞላ ካቡን አሳያት። “ጠማማ ነው አትበይኝ፤ ገና እየተማርኩ ነው።”

“ጠማማ ነው” አለችውና ልታግዘው ካቡ ላይ ተንበረከከች።

እኩለ ቀን ሳይሆን መንገዱ ሞላ። በዚያ አገር ካባ የተሸለመ ሰው ሁሉ ካባውን አውልቆ ወደ ወንዙ ይወርድ፣ ጎብጦ ወደ ማሳው ይወጣ ነበር። ከሁሉ ኋላ፣ ጭቃ የነካው፣ ዳሩ በወርቅ የተጠለፈ አንድ ቀይ ካባ ነበረ፤ የተሸከመውን ሰው ፊት ማንም አላየም፤ ጎንበስ ብሏልና።

ይኸው ነው። የምሰጠው ተረት እንጂ ካባ የለኝም። ተረቱን ውሰዱት፤ አፈሩን ግን መልሱ።